ከደጅ ጥናት ወደ ፕሮጀክት ጥናት፦ ድጋፍ የሚጠየቅበት ጽሑፍ የሚያሳምነው በምንድን ነው?

1. መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለሥራ ማስኬጃ ወይም ለበጎ ተግባር ገንዘብ የሚጠየቅበትን፣ በተለምዶ «ፕሮፖዛል» የምንለውን ጽሑፍ እንደ አንድ የድርሰት ዘርፍ ወስዶ አሳማኝ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ማሳየት ነው። ጉዳዩ በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል መጽሔት ላይ መቅረቡ አንዳንድ አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ልብ ወለድና ቅኔ ስናስተምር የኖርን ሰዎች ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ የኢኮኖሚክስና የሥራ አመራር ባልደረቦቻችን ድርሻ አድርገን ትተነዋል። ይሁንና ተማሪዎቻችን ከተመረቁ በኋላ ልብ ወለድ የሚጽፉት ጥቂቶቹ ናቸው። በቴአትር ቡድን፣ በበጎ አድራጎት ድርጅት፣ በእድርና በወጣቶች ማኅበር ውስጥ ግን «አማርኛ ታውቃለህና ጻፍልን» መባላቸው አይቀርም። እኔም ተብያለሁ፤ ጽፌም አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ። ውድቀቴን ከዚህ በታች እተርከዋለሁ።

አማርኛችን «ደጅ ጥናት» እና «የፕሮጀክት ጥናት» የሚሉ ሁለት ሐረጎች አሉት። ሁለቱም «ጥናት» የሚለውን ቃል ይጋራሉ። የመጀመሪያው ባለሥልጣን ደጅ ላይ ቆሞ ምሕረትን ወይም ሹመትን መጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው አንድ ሥራ በምን ያህል ወጪ፣ በምን ያህል ጊዜ፣ ለማን ጥቅም እንደሚሠራ አስልቶ ማቅረብ ነው። የእኔ ክርክር ብዙዎቹ ፕሮፖዛሎቻችን በስም የፕሮጀክት ጥናት ሆነው በጠባያቸው ደጅ ጥናት ናቸው የሚል ነው። ይህ ሲባል ግን ከደጅ ጥናቱ ልማድ የሚወሰድ ነገር የለም ማለት አይደለም።

2. የማመልከቻ ልማድ

አራዳን የሚያውቅ ሰው ማመልከቻ ጸሐፊዎችን ያውቃል። በልጅነቴ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ማዘጋጃ ቤት ስሄድ በጃንጥላ ጥላ ሥር ታይፕራይተራቸውን በትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ባለጉዳይ የሚጠብቁ ሽማግሌዎች አይ ነበር። ባለጉዳዩ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ በደሉን ይነግራቸዋል። እነሱ አንድ ጊዜም ሳያቋርጡት ሰምተው፣ «በቃህ፣ ገብቶኛል» ብለው ወረቀቱን ያስገባሉ። የግማሽ ሰዓት ለቅሶ በአንድ ገጽ ይወጣል።

የገጹ ቅርጽ የታወቀ ነው። ከላይ ቀኑ፣ ቀጥሎ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ከዚያ «ጉዳዩ፦» የምትለዋ መስመር ትመጣለች። «ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ተብሎ ይጀመራል። አመልካቹ የስንት ልጆች አባት እንደሆነ፣ ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ መቼና የት እንደተበደለ ይዘረዘራል። በመጨረሻ «ችግሬ ታይቶ አስፈላጊው ትብብር ይደረግልኝ ዘንድ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» ተብሎ ይዘጋል። ይህ ቅርጽ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ሹሙን «አቤት!» ብሎ አስቁሞ በቃል ከሚነገር አቤቱታ የተወለደ በመሆኑ ጽሑፉ ዛሬም ድምፅ አለው፤ ሲነበብ ሰው ይሰማል።

አሪስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ የማሳመኛ መንገዶችን ሦስት አድርጎ ይከፍላቸዋል። እነሱም የተናጋሪው ማንነት፣ የሰሚው ስሜትና የነገሩ የራሱ አመክንዮ ናቸው። ደጅ ጠኚ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይጠቀም ነበር። በየማለዳው ደጅ ላይ ሲታይ ጽናቱ ራሱ ማስረጃ ይሆንለታል፤ የተጎሳቆለ መልኩም ያስረዳለታል። ፕሮፖዛል ጸሐፊ ግን በአካል የለም። ወረቀቱ ሲነበብ አጠገብ ቆሞ «እንዲህ ማለቴ ነው» ሊል አይችልም። ስለዚህ የሦስተኛው፣ የአመክንዮው ሸክም በሙሉ በወረቀቱ ላይ ይወድቃል። ማመልከቻን ወደ ፕሮፖዛል መለወጥ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። ቃላቱን ብንለውጥም ሰውነታችን ከደጁ ላይ እንደቆመ ስለሚመስለን ማስረጃውን እንረሳዋለን።

3. ጥያቄው ውል ሲሆን

በሌላ በኩል አራዳ የሌላ ዓይነት ጥያቄም ሰፈር ነው። በምኒልክ ዘመን ገበያው በጊዮርጊስ አካባቢ በነበረበት ጊዜ ወደ ቤተ መንግሥት የሚወጡት አቤት ባዮች ብቻ አልነበሩም፤ ነጋዴዎችና መሐንዲሶችም የሥራ ሐሳብ ይዘው ይቀርቡ ነበር። ለምሳሌ ያህል ሁለቱን እንመልከት።

አንደኛው የባቡሩ ነው። የስዊዘርላንዱ ተወላጅ አልፍሬድ ኢልግ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ መሀል አገር የሚገባ የባቡር ሐዲድ የመሥራት ፈቃድ ከምኒልክ ያገኘው በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ነበር። ፈቃዱ የ99 ዓመት ዘመን ነበረው። ሁለተኛው የባንኩ ነው። የግብፅ ብሔራዊ ባንክ በ1897 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት መሠረት የአቢሲኒያ ባንክን ለማቋቋም መብት አገኘ። ባንኩ በየካቲት 1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ካፒታሉ 500,000 ፓውንድ ስተርሊንግ፣ የብቸኝነት መብቱ ዘመን 50 ዓመት እንዲሆን ነበር የተስማሙት።

እነዚህ ውሎች ለአገሪቱ ጠቃሚ ነበሩ ወይስ ጎጂ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ፈቃዱ ከተሰጠ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። ባንኩም የ50 ዓመት ዘመኑን ሳይጨርስ በ1923 ዓ.ም. በመንግሥት ተተክቷል። እኔን እዚህ ላይ የሚያሳስበኝ የጥያቄው ጠባይ ነው። ጠያቂዎቹ የመጡት ችግራቸውን ሊያስረዱ አይደለም። ምን እንደሚሠሩ፣ በስንት ገንዘብ፣ ለስንት ዘመን፣ በምላሹም ምን እንደሚፈልጉ ተናግረዋል። የሚፈቅደው ሰው እሺም ሆነ እንቢ ቢል ስለምን እንደሆነ ያውቃል። ውል የሚባለው ይህ ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚሰጠው ነገር አለ።

ከዚህ የምንረዳው ፕሮፖዛል ከማመልከቻ የሚለየው በርዝመቱ ወይም በሠንጠረዡ አለመሆኑን ነው። ማመልከቻ «ያለብኝን እዩልኝ» ይላል፤ ፕሮፖዛል «የምሠራውን እዩ» ይላል። አንድ ሰው ሃያ ገጽ ጽፎ፣ በጀት አያይዞ፣ አሁንም «ያለብኝን እዩልኝ» ከማለት ላያልፍ ይችላል።

4. አንባቢው ማን ነው?

ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1862 ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ በታሪካችን ውስጥ እጅግ ውድ ዋጋ ያስከፈለ የትብብር ጥያቄ ነው። ደብዳቤው በቆንስል ካሜሮን በኩል ተልኮ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለንደን ደረሰ፤ ነገር ግን መልስ ሳይሰጠው ቀረ። ከዚያ የተከተለው የቆንስሉና የሌሎች አውሮፓውያን መታሰር፣ በመጨረሻም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት ነው። ለመልሱ መቅረት የእንግሊዝ መንግሥት የዚያን ጊዜ ፖለቲካና ቸልተኝነት ዋናው ምክንያት ስለሆነ ጥፋቱን በጽሑፉ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ለጽሑፍ ተማሪ ግን አንድ ትምህርት አለው። ደብዳቤው ከንጉሥ ለንግሥት፣ በእኩያነት መንፈስ የተጻፈ ነበር። የደረሰው ግን በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ብዙ ወረቀት በሚያገላብጡ ሠራተኞች እጅ ነው። የተጻፈለት አንባቢና ያነበበው አንባቢ ተለያዩ።

የዛሬ ፕሮፖዛልም ዕጣው ይኸው ነው። ከላይ «ለክቡር ሥራ አስኪያጅ» ብለን እንጽፋለን፤ የሚያነበው ግን በዚያው ሳምንት ሌሎች ብዙ ጽሑፎችን ማንበብ ያለበት፣ መስፈርቶች የተዘረዘሩበት ቅጽ ይዞ ነጥብ የሚሰጥ ባለሙያ ነው። ይህ ሰው ጨካኝ አይደለም፤ ቢያዝን እንኳ ሐዘኑን የሚመዘግብበት ቦታ ቅጹ ላይ የለውም። በሌላ አነጋገር እንቢ ለማለት ሳይሆን እሺ ለማለት ምክንያት ይፈልጋል። ምክንያቱንም ለአለቃው ማስረዳት ያለበት እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ለዚያ ባለሙያ አፍ የሚሆን ዓረፍተ ነገር መስጠት አለበት።

አንባቢውን አውቆ ለጻፈ ሰው ምሳሌ የምንፈልግ ከሆነ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አለልን። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1912 አሥመራ በታተመው «ብርሃን ይሁን» በተሰኘ መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። ጽሑፉ የዘመኑን ታሪክ ከተቸ በኋላ ሥልጣን ለያዘው ለልጅ ኢያሱ ምን መሥራት እንደሚገባው ወደ መዘርዘር ይሸጋገራል። ግብር ሥርዓት እንዲይዝ፣ የንጉሡ ሀብትና የመንግሥት ሀብት እንዲለይ፣ ሕግ በጽሑፍ እንዲደነገግ፣ ትምህርት እንዲስፋፋ፣ የሃይማኖት ነጻነት እንዲከበር ይመክራል። ይህ ጽሑፍ በእኔ አስተያየት በአማርኛ ከተጻፉት ቀደምት የፖሊሲ ፕሮፖዛሎች አንዱ ነው። ችግሩን በዝርዝር አሳይቶ እዚያው አይተወውም፤ ለእያንዳንዱ ችግር የሚሠራውን ሥራ ይጠራዋል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ብሂል ሥርዓት ሆኖ የሚታየው እንዲህ ባለው ጽሑፍ ነው።

5. የአንድ ማንበቢያ ክፍል ታሪክ

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። በፒያሳ አካባቢ ተወልጄ ባደግሁበት ሠፈር የእድራችን ቤት አንዲት ትንሽ የማንበቢያ ክፍል ነበረችው። በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የእድሩ ጸሐፊ፣ በልጅነቴ ያሳደጉኝ ሽማግሌ፣ ቤቴ መጡና «ልጄ፣ አንቺ የአማርኛ መምህር አይደለሽም ወይ? ለክፍሏ ማመልከቻ ጻፊልን» አሉኝ። ድጋፍ የሚሰጥ አንድ ድርጅት መኖሩን ሰምተዋል። በሁለት ሌሊት ጽፌ ሰጠኋቸው።

ከጽሑፉ መክፈቻ ጥቂቱን ልጥቀስ፦ «የዕውቀት ጥማት ያቃጠላቸው፣ የነገዪቱ ኢትዮጵያ ጧፎች የሆኑ ሕፃናት በጨለማ ሲዳክሩ ማየት ልብን ይሰብራል…» ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ «ልጄ፣ አማርኛው ማር ነው። የእኛ ክፍል ግን የለችበትም» አሉኝ። እንደ ምስጋና ቆጥሬው ሣቅሁ። ከሁለት ወር በኋላ ጽሑፉ ተመለሰ። በኅዳጉ ላይ በእጅ የተጻፈች አንዲት ጥያቄ ነበረች፦ «ገንዘቡ ሲያልቅ ምን ይታያል?»

ጥያቄዋ አበሳጨችኝ፤ ቆይታ ግን አሳፈረችኝ። አራት ገጽ ስጽፍ አንድም ቀን ክፍሏን ሄጄ አላየሁም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሄድኩ። ሽማግሌው ከመሳቢያቸው ባለ መስመር ደብተር አወጡ። ለሁለት ዓመት ያህል በየምሽቱ የመጡትን ልጆች ስም፣ ዕድሜና ያነበቡትን መጽሐፍ በእርሳስ መዝግበዋል። «ይህ አለ ብለው ለምን አልነገሩኝም?» ብላቸው «መቼ ጠየቅሽኝና!» አሉኝ። ደብተሩን ይዘን ቆጠርን። የታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አማካይ በምሽት 31 ልጅ ሆነ። አግዳሚ ወንበሮቹ የሚይዙት 18 ልጅ ነው። አሥራ ሦስቱ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ያነብባሉ ማለት ነው።

ሁለተኛው ፕሮፖዛል በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲቀርብ መክፈቻው እንዲህ ይላል፦ «በእድራችን ማንበቢያ ክፍል በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በየምሽቱ በአማካይ 31 ልጆች ተገኝተዋል፤ መቀመጫ ያለው ለ18ቱ ብቻ ነው። በተጠየቀው ድጋፍ ለሁሉም መቀመጫ፣ ሁለት ተጨማሪ መብራትና መደርደሪያ ይሟላል። እድሩ የአናጢውን ዋጋ ይሸፍናል፤ የምሽቱን መዝገብም በየሦስት ወሩ ይልካል።» ከዚህ በኋላ የመጣው ገጽ ተኩል ብቻ ነበር። የተጠየቀው ሙሉ በሙሉ ባይሆንም አብዛኛው ተፈቀደ። ወንበሮቹ ተሠሩ።

አንባቢ ልብ እንዲለው የምሻው የሁለቱን ጽሑፎች ልዩነት ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያነሰ ስሜት ያለው ቢመስልም እንዲያ አይደለም። ቆመው የሚያነብቡት አሥራ ሦስት ልጆች ከ«ነገዪቱ ኢትዮጵያ ጧፎች» ይልቅ ይታያሉ። የማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ጥበብም ይኸው ነበር። የሚያስለቅስ ቅጽል ከመደርደር ይልቅ የስንት ልጆች አባት፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቀበሌ እያሉ ይጽፉ ነበር። እኔ የተማርኩ ነኝ ብዬ የጣልኩት የእነሱን ዝርዝር ነው።

6. ስለ ክፍሎቹና ስለ ቋንቋው

ከላይ ከተባለው በመነሣት የፕሮፖዛልን ዋና ዋና ክፍሎች በአጭሩ እንመልከት።

ሀ) ማጠቃለያ። በመጨረሻ ተጽፎ በመጀመሪያ የሚቀመጥ ነው። ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው በጥንቃቄ የሚነበበው ይህ ብቻ ስለሆነ ማን፣ ምን፣ ለማን፣ በስንት፣ እስከ መቼ የሚሉት አምስቱ ጥያቄዎች እዚሁ መመለስ አለባቸው። የሚያጠግብ እንጀራ ከምጣዱ ያስታውቃልና።

ለ) የችግሩ መግለጫ። ችግሩ ሥራው ሊያቃልለው በሚችለው መጠን ብቻ መገለጽ አለበት። ለአንዲት ክፍል ወንበር የሚጠይቅ ሰው ስለ አገሪቱ የትምህርት ጥራት ሦስት ገጽ ከጻፈ ችግሩን ከመፍትሔው እጅግ አስበልጦታል። አንባቢው «ወንበሩ ይህን ሁሉ እንዴት ይፈታል?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ሐ) ዓላማና ውጤት። እነዚህ ሁለቱ ይደባለቃሉ። «የንባብ ባህልን ማዳበር» ዓላማ ነው፤ «31 ልጆች ተቀምጠው ያነብባሉ» ውጤት ነው። ዓላማ ብቻ ኖሮት ውጤት የሌለው ጽሑፍ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል። ውጤቱ በማን፣ በምን መዝገብ እንደሚታይም መነገር አለበት።

መ) በጀት። በጀት በቁጥር የተጻፈ ትረካ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያልተጠቀሰ ሥራ በበጀቱ ውስጥ ከታየ፣ ወይም የተጠቀሰው ሥራ ዋጋ ከሌለው፣ ትረካው ተበጥሷል። ጠያቂው ራሱ የሚያዋጣውም በግልጽ መቀመጥ ይኖርበታል። ጉልበት፣ ቤትና ጊዜም መዋጮ ናቸው፤ ጥያቄውን ከልመና ወደ ውል የሚያሻግሩት እነሱ ናቸው። የአስተዳደር ወጪ ልክ ሊኖረው እንደሚገባም ሕግ ተመልክቶታል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ይህ ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል።

ሠ) ቋንቋ። የድሮው ማመልከቻ የተለመዱ ሐረጎች እንደነበሩት የዛሬው ፕሮፖዛልም የራሱን አፍርቷል፦ «አቅም ግንባታ»፣ «ግንዛቤ ማስጨበጥ»፣ «ባለድርሻ አካላት»፣ «ዘላቂነትን ማረጋገጥ»። ቃላቱ በራሳቸው ክፉ አይደሉም። አብዛኛውን ጊዜ ግን አድራጊውን ይደብቃሉ። «ለባለድርሻ አካላት የአቅም ግንባታ ሥልጠና ይሰጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማን ለማን ምን እንደሚያስተምር አይታወቅም። ተማሪዎቼን የማሠራው መልመጃ ቀላል ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ወስደው ባለቤቱንና ተሳቢውን በሰው ስም ወይም በሚዳሰስ ነገር እንዲተኩ አደርጋለሁ። መተካት የማይቻለው ዓረፍተ ነገር ይሰረዛል።

7. መደምደሚያ

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ የእኛም ሠፈር ፈረሰ። ነዋሪው ወደ ተለያዩ የከተማው ዳርቻዎች ተበተነ። ወንበሮቹ የት እንደደረሱ ሽማግሌውን ስጠይቃቸው ገሚሶቹን አንድ ትምህርት ቤት እንደወሰዳቸው፣ ደብተሩ ግን አብሯቸው እንዳለ ነገሩኝ። ስለዚያች ክፍል በታይፕ ተጽፎ የቀረው ሰነድ ያ ገጽ ተኩል ፕሮፖዛልና የመግቢያዋ አንቀጽ ብቻ ነው። ስንት ልጆች በየምሽቱ እንደሚመጡ፣ ስንቶቹ እንደሚቆሙ፣ ማን እንደሚመዘግብ ይናገራል። የመጀመሪያው አራት ገጽ ቢሆን ኖሮ የቀረው፣ የማናቸውም ከተማ የማናቸውም ክፍል ሊሆን ይችል ነበር።

በዚህ የተነሣ ሁለቱንም ጽሑፎች አባዝቼ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቼ አድላለሁ፤ የመጀመሪያውን ማን እንደጻፈው አስቀድሜ አልነግራቸውም። የትምህርት ክፍላችን በጽሑፍ ክህሎት ኮርሶቹ ውስጥ ለዚህ ዘርፍ ቢያንስ ጥቂት ሳምንታት ቢመድብ፣ ተማሪውም ከመጻፉ በፊት ወደሚጽፍለት ሰው ቤት ሄዶ እንዲያይና እንዲቆጥር ቢገደድ መልካም ይመስለኛል። የሥነ ጽሑፍ ሰው ለዚህ ሥራ ባዳ አይደለም። ገጸ ባሕርይን በዝርዝር መሳል፣ ለማን እንደሚተርክ ማወቅ፣ የማይናገር ቃልን መሰረዝ የተማርነው ነው። የቀረን ያንን ልማድ ድጋፍ በምንጠይቅበትም ወረቀት ላይ መጠቀም ነው።